የማረው ልጅ የምትወስደው መድኃኒት

ውጭው ፀሐይ ነው፤ ገላነሽ ግን መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። ተኝታለች ሲባል ተጋድማለች ማለት ነው፤ እንቅልፉማ የት አለ። ሌሊቱን ዳቦ ቤት ቆማ ትኩስ ዳቦ በሳጥን ስትደረድር ታድርና፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንግቦ ወደ ሥራ ሲወጣ እሷ ፀጉሯ ዱቄት እንደለበሰ ትገባለች። ጀርመኖቹ ቀን ሲኖሩ እሷ ቀን ትተኛለች፤ እነሱ በሚተኙበት እሷ ትኖራለች፤ ስለዚህ በዚህች የጀርመን ሐይቅ ዳር ከተማ ከማንም ጋር ፊት ለፊት ሳትገናኝ ዓመታት አለፉ። የፊታችን እሑድ ግን ትገናኛለች። እሑድ ሐይቁን የሚዞረው ማራቶን አለ፤ ስሟም ቁጥሯም ወጥቷል፤ ገላነሽ ማረው ተብሎ የአባቷ ስም ከነጀርመኖቹ ስም ጎን ተጽፏል፤ አባባ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን፣ ፊደሉን አያውቁት፣ ቢያውቁት ደግሞ የኔን ስም ምን እዚያ አስኬደው ይሉ ነበር። ቀኝ እግሯን ከብርድ ልብሱ አወጣችው። ጨርቅ ሲነካው ዛሬም ያቃጥለዋል፤ ቢሆንም እንደ ድሮው አይደለም፤ እንደ ድሮው ቢሆን እሑድ የሚባል ቀን አይኖርም ነበር።

ሩጫን የተማረችው አስፋልት ላይ ነው፤ ሌላ ደረቅ መሬት ስላልነበረ። ክረምት ሲሆን የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ ያለብሰዋል፤ የሩዙ ማሳ ውሃ፣ ግጦሹ ውሃ፣ ደጁ ውሃ፤ ሰው ከጎረቤት እሳት ለመጫር በታንኳ ይሄዳል። ከወረታ ወደ ርብ ድልድይ የሚሄደው መንገድ ብቻ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ እንደ ዘንዶ ጀርባ ከውሃው በላይ ይቀራል፤ ከብቱም እዚያ ይወጣል፣ ሰውም እዚያ ይወጣል፣ ገላነሽም የትምህርት ቤት ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ በከብቶቹ መካከል እየተሹለከለከች ትሮጣለች። የፎገራ በሬ ቀንዱን ሳያነሣ ዓይኑን ብቻ ያዞርባታል። ይታይሽ፣ እናቷ፣ ከደጅ ሆነው «ልጅቱ ምን አሳደዳት?» ይላሉ፤ ማረው ደግሞ «ያሳደዳት የለም፤ እሷ ናት የምታሳድድ» ይላሉ። አሁን በዚህች ጠባብ ክፍል ጣሪያውን እያየች የአባቷን ድምፅ በትክክል ትሰማዋለች፤ ያን ጊዜ ኩራት እንደነበረበት ያስተዋለችው አሁን ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ክለብ ገባች፤ ከዚያ ለውድድር ጀርመን መጣች፤ አንዴ አሸነፈች፣ አንዴ ሁለተኛ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ቀረች የሚለው ቃል አጭር ነው፤ እናቷ ግን በስልክ ሲሰሙት ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

የወደቀችው ሩጫ ላይ ቢሆን ለወሬም ያምር ነበር። የወደቀችው የቤቷ ደረጃ ላይ ነው፤ በረዶ የጠጣ ደረጃ፤ እንጀራ የመሰለ ስስ በረዶ ነው፣ አይታይም። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፣ ተቀደደ፣ ብረት ገባበት፣ ተሰፋ። አጥንቱ ዳነ። ሐኪሞቹ ፎቶውን አይተው ዳነ አሉ፤ እግሩ ግን አልሰማቸውም። ሌሊት ሥራ ላይ ፍም የረገጠች ይመስላታል፤ ስትተኛ አንሶላ ሲነካት ትጮኻለች፤ ካልሲ መልበስ እንደ ቅጣት ሆነ። ነርቭሽ ነው የተጎዳው አሏት። አንዱ ክኒን ሆዷን አቆሰለው፤ ሌላው እንደ ጆንያ አሳበጣት፤ ሦስተኛው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እያንቀላፋች ዳቦ ሳጥን ላይ እንድትደፋ አደረጋት። እናቷ ይደውላሉ። «ምነው ሩጫሽ ጠፋሳ? ወንድምሽ ንብረት ቴሌቪዥኑን ቢያይ ቢያይ የለሽም አለኝ።» «አሁን እረፍት ላይ ነኝ እናየ።» «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ስልኩን ስትዘጋው ትራሷን ትነክሳለች። ያን ዓመት አገር ቤትም ችግር ነበር፤ መስመሩ ይቆረጣል፣ ለቀናት አይገኝም፤ ሲገኝ ደግሞ ማን ስለ እግር ያወራል።

ይህች «ደህና ነኝ» የምትባል ቃል ሐኪሞቹ እስከላኳት የሕመም ክሊኒክም ድረስ ተከትላት ሄደች። ዶክተር ቬበር ቀጭን፣ ሽበታም፣ የማትቸኩል ሴት ናት፤ በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የሚቆይ የነርቭ ሕመምን የምትከታተለው እሷ ናት። እንዴት ነሽ ብላ ትጠይቃታለች። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟ ሕመም የለም ብላ ትጽፋለች። ገላነሽ ወጥታ ስታነክስ በመስኮት ታያታለች። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንዲሁ፤ ደህና፣ ይመስገን፣ ማነከስ። በሦስተኛው ላይ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ከዜሮ እስከ ዐሥር ቁጥር ስጪኝ» አለች። ገላነሽ ቁጥር አልመጣላትም፤ ሕመም እንደ ድንች ይቆጠራል እንዴ? እኛ አገር ውሃ ይሞላል አለች በተሰባበረ ጀርመንኛዋ፤ ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ የት ደረሰ ነው የሚባለው። «ታዲያ ዛሬ የት ደርሷል?» ገላነሽ እጇን አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ በፊት ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። ሐኪሟ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ልቅሶዋን አስጨረሰቻት።

መድኃኒቱን የነገረቻት በዚያው ወር ነው። በቅርቡ በሕግ ተፈቅዷል፤ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ያልሠራለት ሰው በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ይችላል፤ ጠብታ ነው፣ ከምላስ ሥር፣ ልትተኛ ስትል፤ ካናቢስ ይባላል። ገላነሽ ቃሉን ታውቀዋለች። ሀሺሽ! ወረታ መናኸሪያ ዓይናቸው የቀላ ልጆች ሲያልፉ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የሚያደርጉበት ሀሺሽ። ብድግ አለች። ሐኪሟ አልከለከለቻትም፤ «ሂጂና አስቢበት፤ እኔም ልብሽ ሳይፈቅድ አልሰጥሽም» አለቻት። አሰበች። ዳቦ ቤት አሰበች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ አሰበች፣ አልጋዋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አሰበች። ተመልሳ ሄደች። በትንሹ ጀመሩ፤ ከዚያ ጥቂት ጨመሩ። አንድ ቀን በዛባት፤ ልቧ እንደ ከበሮ ይደልቃል፣ ግድግዳው ይሄዳል፣ ምራቋ ደረቀ፤ ልሞት ነው ብላ አልጋዋን ጨብጣ ቆየች። በነጋታው ሳትደብቅ ተናገረች። ሐኪሟም ቀነሰችው፤ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ አስተካክላለሁ አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትሄዳለች፤ ደሟ ይታያል፣ ልቧ ይታያል፣ ማሽን ላይ ትሮጣለች፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ሆድ ይብስሻል ወይ፣ ከታዘዘው በላይ ወስደሽ ታውቂያለሽ ትባላለች። አገሯ ሐኪም ሲናገር በሽተኛ ይሰማል፤ እዚህ በሽተኛ ሲናገር ሐኪም ይሰማል። ይህን ለመልመድ ከመድኃኒቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት። ግን ውሃው ጎደለ። ደረት ላይ የነበረው ወገብ ደረሰ፣ ጉልበት ደረሰ። አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ አንዴም ሳትባንን መተኛቷን አየች፤ ተነሥታ ካልሲ ለበሰች። ካልሲ! ጫማዋን አሰረች፤ ሐይቁ ዳር ወርዳ ቀስ ብላ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ፣ ሮጠች። ዳክዬዎቹ ምንም አልመሰላቸውም።

ለቤቷ አልነገረችም። ምን ብላ ትንገር? እናየ፣ የምድር መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ብሎ ሀሺሽ አዘዙልኝ ትበል? ዝም አለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ሌላ ሰው ተናገረላት። ሰጠኝ የሚባል የወረታ ልጅ በዚያው ከተማ ይኖራል፤ አንድ እሑድ ጠበል ጸዲቅ ይዞላት መጥቶ የመድኃኒት ጠርሙሷን ጠረጴዛ ላይ አይቶ፣ አንብቦ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ለእሷ ምንም አላላትም፤ ለወረታ ግን ሁሉን አለ። ወሬ በፎገራ ከርብ ይፈጥናል። የማረው ልጅ ሀሺሽ ታጨሳለች፤ ለዚያ ነው ከቴሌቪዥን የጠፋችው፤ አብዳለች የሚሉም አሉ። በይፋግ ገበያ አንድ ነጋዴ ማረውን ፊት ለፊት ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ለመሸጥ የወሰዱትን ወይፈን ሳይሸጡ መልሰው ነድተው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገላነሽ ስትደውል ስልክ አያነሡም። «አባባስ?» ስትል እናቷ «ውጭ ናቸው» ይላሉ። ከጀርባ ሳላቸውን ትሰማዋለች። ሳላቸውን ከሺህ ሰው መካከል ትለየዋለች። ይህን ሳል እያሰበች ስንት ቀን መጋረጃ ዘግታ ተገላበጠች፤ እግሯ ሲድን ልቧ ታመመ፤ ለልብ ደግሞ ጠብታ የለም። ልትተወው ቆርጣ ነበር፣ ጠርሙሱን ማጠቢያው ላይ ይዛ ቆማ ነበር፤ አልደፋችውም። ሕመሙን አውቀዋለሁ አለች ለራሷ ጮክ ብላ፣ ሰው በሌለበት ቤት በአማርኛ፤ የሚያሙኝ ግን የሚያወሩትን አያውቁትም፣ እነሱ ስለማያውቁት ነገር ብዬ ወደ ማውቀው እሳት አልመለስም።

ማረው ግን ዝም ብለው የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ወረታ ጤና ጣቢያ ግፊታቸውን የምትለካ ምኞት የምትባል ነርስ አለች፤ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ ቀጥተኛ ልጅ። አንድ ቀን ክንዳቸው ላይ ጨርቁ እንደተጠመጠመ ጠየቋት። «ልጄ፣ ሀሺሽ መድኃኒት ይሆናል ወይ?» ምኞት ደነገጠች። «በኛ አገር ክልክል ነው አባቴ፤ ያስቀጣል። ሌላ አገር ሐኪም ሲያዝ ሰምቻለሁ፤ አሠራሩን ግን አላውቀውም። ከምፈርድ፣ ለልጅዎ ሐኪም አዝዞላት ከሆነ ሐኪሙን ቢጠይቁ ይሻላል።» ማረውም «እውነትሽን ነው፤ እኔ በሬ እንኳ ጥርሱን ሳላይ አልገዛም» አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው፣ ምኞት ደውላላት፣ በገላነሽ የቀጠሮ ቀን፣ ወረታ ጤና ጣቢያ ያለው የምኞት ስልክና እዚህ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ያለው የገላነሽ ስልክ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የተገናኙት። አስተርጓሚዋ ራሷ ተከሳሿ ናት። ይኸው አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና ያ ክፍል ይታያታል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሐኪሟ እጆቿን አጣጥፋ ስልኩን እንደ ሰው ታየዋለች።

«ገላነሽ» አሉ አባቷ። ከስንት ወር በኋላ ስሟን ጠሩት። «የምላትን ሳትቀንሽ ሳትጨምሪ ንገሪያት። ልጄን ያሰክራታል ወይ በያት።»

ተረጎመች። ሐኪሟ መለሰች። «በታዘዘው መጠን ማስከር የለበትም ትላለች። አንድ ጊዜ ግን... አንድ ጊዜ በዝቶብኝ አዙሮኝ ነበር። ነገርኋት፣ ቀነሰችው።» ይህችን ብታስቀር ማን ያውቅ ነበር? ማንም። አላስቀረችም።

ማረው ከወረታ ቀጠሉ። «ሱስስ ይሆናል?»

«ሊሆን ይችላል ትላለች። ስለዚህ ነው በየወሩ የማያት፣ ደሟንም እንቅልፏንም ጠባይዋንም የማየው፤ ከጎዳት ወይም ካልጠቀማት አቆመዋለሁ ትላለች።»

«እንዲህ ያለች ሐኪም ውሸት አታውቅም» አሉ ማረው ለምኞት፤ ድምፃቸው ግን ገና አልላላም። «የመጨረሻ ልጠይቃት። ልጄ ነገ ሩጣ ብታሸንፍ፣ ያሸነፈ ማን ነው? እሷ ናት ወይስ መድኃኒቱ?»

ገላነሽ ይህንም ተረጎመች። ዶክተር ቬበር ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለአስተርጓሚዋ እያመቻቸች ተናገረች። መድኃኒቱ ማንንም አያስሮጥም፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል፤ አበረታች ቅመም የሚቆጣጠሩት ሰዎች ያለ ፈቃድ ይከለክሉታል፣ ሕመሟን ሁሉ ስናስረዳቸው ግን ልዩ ፈቃድ ሰጥተዋታል፤ የምሰጣት እንቅልፍ ነው፣ ካልሲ የምትለብስበት እግር ነው፤ ሩጫው የእሷ ነው። ገላነሽ ሁሉንም ተረጎመችው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ተያዘች። ሩጫው የእሷ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ለካ እሷ የምትባለዋ እኔ ነኝ።

«ምን አለች?» አሉ አባቷ።

«ሩጫው የኔ ነው አባባ» አለች። «የኔ ነው አለች።»

ሳሉ። ረጅም ሳል። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ በያት» አሉ። «አንችም ስሚ። እኔ ያዘንሁት ሀሺሽ ስላሉኝ አይደለም። ታመሽ ስትኖሪ ከሰው አፍ መስማቴ ነው።»

«እንዳያዝኑብኝ ብየ ነው አባባ።»

«ማዘን የአባት ሥራው ነው። ሥራየን አትቀሚኝ።»

ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀች፤ ገላነሽ ግን እያለቀሰች ትስቅ ስለነበር ይህ ሳይተረጎም ቀረ።

እሑድ ደረሰ። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፤ ሰዉ በቀለም በቀለም ልብሱ እግሩን ያፍታታል። ቀኝ እግሯ እዚያው ነው፤ ያቃጥላል፣ ግን ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ ያለ ውሃ ደግሞ ማንን ከመንገድ አስቀርቶ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ያሸነፈችው ረጅሟ ጀርመናዊት ገና ከጅምሩ ሄደች፤ ገላነሽ ተወቻት። ትሂድ። መንደር ያልፋል፣ የወይን ተክል ያልፋል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ አንዲት አሮጊት ብርቱካን ቆርጣ ታድላለች፤ ዝናብ ጀመረ፣ ነፋሱ ከሐይቁ እየተነሣ ጎኗን ይመታታል፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ሰበሩ፣ እሷ አንገቷን አቀናች። ውሃ ግራ ቀኝ፣ መሐሉ ላይ መንገድ፤ ይህንማ ታውቀዋለች፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሰውነቷ የት እንዳለ ረሳው፤ እንደ ድሮው በከብቶቹ መካከል እየተሹለከለከች ታልፋለች፣ አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን፣ ሦስት ወንዶችን፣ ከዚያ ከሩቅ ረጅሟን ሴት በትከሻዋ ለየቻት፤ ትከሻዋ ደክሟል። እግሯ ነደደ። ንደድ አለችው። አንተ ንደድ፣ እኔ እሄዳለሁ። አጠገቧ ስትደርስ ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻት፤ ገላነሽ አላየቻትም፤ የምታሳድደው ከፊት ነው። ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ በማታውቀው ቃል ይጮኻል፣ ቃሉን ባታውቀውም ለማን እንደሆነ ታውቃለች፤ መጨረሻው መስመር ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በደረቷ በጠሰችው። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ እጆቿ ወደ ላይ ናቸው፣ አንደኛ ናት፣ አንደኛ! ዶክተር ቬበር ዣንጥላዋን ጥላ፣ ያቺ የማትቸኩል ሴት፣ በአጥሩ በኩል እየሮጠች መጣች።

ለአበረታች ቅመም ምርመራ ሽንቷን ሰጠች። የምትወስደውን መድኃኒት ስሙን ሳታፍር ተናገረች፤ መርማሪው ልዩ ፈቃዷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት። የሐኪሟ እጅ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ክትትል አለሽ፣ ማሸነፍ ከቀጠሮ አያስቀርም፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ከቆየ ጠብታውን ደግሞ መቀነስ እንሞክራለን ትላታለች። ገላነሽ የሚያብረቀርቀውን ብርድ መከላከያ እንደ ጋቢ ተከናንባ ስልኳን አወጣች።

ያነሣው ንብረት ነው፤ ወንድሟ። ሩዝ አጨዳ ላይ ነበሩ፤ ሰንበት ቢሆንም ሩዙ እንዳይረግፍ ቄሱ ፈቅደው ደቦ ነው፣ አገሩ ሁሉ ማሳው ላይ ነው፣ ምሳ ሊቀርብ ነው። «አሸነፍሁ» ብቻ አለችው። ንብረት ስልኩን እንደያዘ ጮኸ፤ ከዚያ እልልታው መጣ፤ የእናቷ እልልታ ከፊት፣ የሌላው ከኋላ፣ ማጭድ በማጭድ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ከእጅ እጅ ሲነጠቅ ተንኳኳ።

«ገላነሽ!» አሉ ማረው። «እግርሽስ?»

«አለ አባባ። ችሎኛል።»

«እሰይ። ስሚኝማ። ሰዉ ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል። ይኸ ሁሉ ሰው ሲያማሽ የከረመ ነው፤ ፊቱን እያየሁት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። ምን እንደምትወስጅ ራስሽ ንገሪያቸው።»

እልልታው ጠፋ። ነፋስ ብቻ ይሰማል፤ የፎገራ ነፋስ፣ በደረሰ ሩዝ ላይ የሚሄድ። ገላነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቃል ሳትመርጥ ተናገረች። «እግሬ ተሰብሮ ነርቬ ተጎዳ። ሌላ መድኃኒት ሁሉ አልሆን አለኝ። ሐኪም ካናቢስ አዘዘችልኝ፤ እናንተ ሀሺሽ የምትሉት ነው። አላጨስም፣ በጠብታ ነው። በየወሩ ትመረምረኛለች። የሩጫው ዳኞችም ያውቃሉ። አሁን እናንተም አወቃችሁ።»

ከዚያ ከሩቅ፣ ከሴቶቹ በኩል ይመስላል፣ የጎረቤታቸው የእማማ አገኘሁሽ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ለጉልበትስ ይሆን ይሆን?»

ማሳው በሳቅ ፈረሰ። ንብረት ሲስቅ፣ እናቷ ሲስቁ፣ አባቷ በሳላቸው መሐል ሲስቁ ትሰማለች፤ እሷም ሆዷን ይዛ ተንበረከከች፤ ጀርመኖቹ ምን ሆነች ብለው ያዩአታል።

«መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት እማማ!» አለች ሳቁ ሲፈታት።

«ምኞትማ አየችኝ እኮ! በአገራችን ክልክል ነው ብላ ክኒን ሰጥታ መለሰችኝ!»

«እንግዲያው ክኒኑን ይዋጡ!» አሉ ማረው። «በሉ ተነሡ፣ ሩዙ ሳይረግፍ! ያማ ሁሉ ማጭዱን ያንሣ!»

እነሱም ስልኩን መዝጋት ረስተው ወደ አጨዳው ተመለሱ፤ ገላነሽም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ በዝናቡ ውስጥ ቆማ፣ አባቷ የአጨዳውን ዘፈን በስሟ ሲያወጡና አገሩ እየተቀበላቸው ሲያጭድ አዳመጠች።